መቻልን ማን ገደለው?

ከጎንደር ተነስታችሁ፣ አዘዞን አልፋችሁ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አስፋልት ስትይዙ ፀዳን ታገኛላችሁ። የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ የማታውቋትም ብትሆኑ በሚኒባስ መስኮት አይታችሁ አልፋችኋት ይሆናል። ከእኛ ውስጥ አንዱ ያደገው እዚያ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለ የጎረቤት ውሻ እግሩን ነከሰው። የውሻው ስም መቻል ነበር።

በስሙ እንዳትስቁ። ያገራችን ሰው ለውሻ ስም ሲያወጣ ለውሻው ብቻ አያወጣም። ባለቤቱ ደጅ ወጥቶ «መቻል! መቻል!» እያለ በተጣራ ቁጥር የሚሰማው ውሻው ብቻ አይደለም፤ በድንበር የተጣላው ጎረቤትም ይሰማል፣ «አንተን ነው የምችልህ» ማለት መሆኑም ይገባዋል። መቻል እንግዲህ ከነስሙ የሰው ጠብ ተሸክሞ የተወለደ ውሻ ነበር። ቀን ቀን በአጭር ገመድ ከዛፍ ሥር ይታሰራል፣ ማታ ማታ ጅብና ሌባ እንዲጠብቅ ይለቀቃል። ቤት ውስጥ የተረፈ ነገር ካለ ይጣልለታል፤ ከሌለም የለም።

ያን ቀን ጠዋት ገመዱ ተበጠሰ። ጓደኛችን ትምህርት ቤት እንዳይረፍድበት እየሮጠ ነበር። የሚሮጥ ልጅና የተበጠሰ ገመድ ሲገናኙ የሚሆነው ሆነ። ከዚያ አንዱ «አብዷል!» ብሎ ጮኸ። ድንጋዩም፣ ዱላውም፣ አካፋውም ከየቤቱ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መቻል ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ተጣለ።

ክርክሩ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የልጁ አያት መድኃኒት አዋቂ ዘንድ እንውሰደው አሉ። አጠገባቸው የሚኖሩት አስተማሪ ግን፣ «እማማ፣ መድኃኒቱ ይደርሳል፤ በመጀመሪያ ቁስሉን በሳሙና እንጠበው» ብለው ልጁን ቧንቧ ሥር አስቀመጡት። በማግስቱ አባቱ ይዞት ሄደ፤ በየቀኑ አንድ አንድ እየተባለ በሆዱ ላይ አሥራ አራት መርፌ ተወጋ። ዳነ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ከእኛ ጋር እየጻፈ ነው።

መልስ ያላገኘው አንድ ጥያቄ ግን አብሮት አድጓል። መቻል በእርግጥ አብዶ ነበር? ወይስ ርቦት፣ ታስሮ ሰልችቶት፣ ደንግጦ ነበር? ሐኪሞች እንደሚሉት ሰው የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ቢታይና ጤነኛ ሆኖ ቢሰነብት፣ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን በምራቁ አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። መቻል ግን 10 ደቂቃም አልተሰጠውም። እኛም ይህችን ጥያቄ ይዘን ወደ ኋላ ሄድን፤ ከውሻ ጋር እንዴት እዚህ እንደደረስን ለማየት።

የብሩስ ውሾች

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1770 ነው። ዘመኑ ራስ ሚካኤል ስሑል የነገሡበት ሳይሆን ያነገሡበት፣ ንጉሥ የሚሾሙበትና የሚሽሩበት ዘመን ነበር። ብሩስ ከሃያ ዓመት በኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በዐመፅ ተከሰው የሚገደሉ ሰዎች ሬሳ ሳይቀበር በአደባባይ ይጣል እንደነበር ጽፏል። ጅቦች ከዙሪያው ተራራ እየወረዱ በሌሊት የከተማውን መንገድ ይሞሉታል። ብሩስ ለአደን ያመጣቸው የራሱ ውሾችም ሁለት ጊዜ የሰው ራስና ክንድ እየጎተቱ ከግቢው አስገቡበት። ውሾቹን ከመግደል በቀር ይህን የሚያስቀርበት መንገድ አልነበረውም።

ይህን ስታነቡ ዘግንኗችሁ ይሆናል፤ እኛንም ዘግንኖናል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። እዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው ውሻው ነው? ሬሳውን አደባባይ የጣለው ሰው ነው። ውሻው የሠራው ውሻ የሚሠራውን ነው፤ ያገኘውን በላ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንላለን። በጎንደር አደባባይ ግን መጀመሪያ የቀደደው ሰው ነበር፤ ጅቡም ውሻውም የገቡት ኋላ ነው።

ከዚህ በኋላ በምንተርከው ታሪክ ሁሉ ይህን ነገር ታገኙታላችሁ። ውሻ የሰውን ከተማ ያሳያል። ቆሻሻ የሚነሳበት፣ ሬሳ የሚቀበርበት፣ የቄራ ተረፈ ምርት የሚቀበርበት ከተማ የተለየ ውሻ ይኖረዋል፤ ይህ ሁሉ የማይደረግበት ከተማም የተለየ።

ደመወዝ የሌለው ዘበኛ

በደጋው የገበሬ ቤት ውሻ ሥራ አለው። ሌሊት የበጎቹን በረት ይጠብቃል፣ እንግዳ ሲመጣ ይናገራል፣ ከእረኛው ጋር ይውላል። ማንም ገበሬ ያለ ውሻ ማደር አይወድም። ያም ሆኖ ውሻ ከቤት እንስሳት ሁሉ ዝቅ ያለ ቦታ ነው ያለው። በሬ ይመሰገናል፣ ፈረስ ይፎከርለታል፣ ላም ትወደሳለች። ውሻ ግን ስሙ የስድብ ቃል ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ እንዳያረክስ ይባረራል፤ የመስጊዱም ሰው ልብሱን እንዳይነካው ይሸሸዋል። ሊቃውንቱ ግን በሉቃስ ወንጌል ውስጥ የድኻውን የአልዓዛርን ቁስል ይልሱ የነበሩት ውሾች እንደነበሩ ያውቃሉ። ባለጠጋው በሩ ላይ ሲያልፈው የቀረቡት እነርሱ ነበሩ።

አያቶቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ርኩሰቱም ፍርሃቱም ምክንያት ነበረው። ያልተከተበ፣ ሬሳ የሚበላ፣ መንደር ለመንደር የሚዞር ውሻ በእርግጥ አደጋ ነው። ልጆችን ከእንደዚህ ዓይነት ውሻ ማራቅ ክትባት ባልነበረበት ዘመን ብቸኛው መከላከያ ነበር። ችግሩ ክትባት ከመጣ በኋላም ልማዱ እንዳለ መቀጠሉ ነው። ከውሻ ዘበኝነቱን እንፈልጋለን፤ ምግቡን፣ ሕክምናውንና ትምህርቱን ግን የእኛ ሥራ ነው ብለን አናስብም።

«ፓስተር» የሚባለው ሰፈር

በ1895 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ከተመሠረተች ገና ሃያ ዓመት አልሞላትም። በዚያን ጊዜ በከተማዋ የእብድ ውሻ በሽታ ተነስቶ ነበር፤ በአገራችን ታሪክ በጽሑፍ በደንብ ከተመዘገቡት ወረርሽኞች የመጀመሪያው ይህ ነው። የሰዉ መድኃኒት ዕፀዋት፣ ጠበልና ጸሎት ነበር።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በዚህ በሽታ ላይ የሠራውን ክትባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር። የተወጋው በውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲሆን ስሙ ጆሴፍ ማይስተር ይባል ነበር፤ ልጁም ዳነ። ዜናው ዓለምን ዞረ። እኛ ዘንድ ግን የፓስተር ስም ሥር የሰደደው በ1940ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ነው። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ደጋግሞ ለውጧል፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ሰፈሩ ግን ያው «ፓስተር» ነው። የታክሲ ረዳቱ «ፓስተር! ፓስተር!» እያለ ሲጣራ ስለ አንድ የተነከሰ ልጅ እየተናገረ መሆኑን ሳያውቅ።

ጓደኛችን በሆዱ ላይ የተወጋው መድኃኒትም እዚያ ነው የተሠራው። ጣሊያናዊው ፌርሚ በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባወጣው ዘዴ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ክትባት ነበር። ብዙ ሺህ ሰው አድኗል፤ ውለታው አይረሳም። ግን መርፌው ብዙ ነው፣ ያማል፣ አልፎ አልፎም ነርቭ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የዓለም የጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቀር ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመክር ቢቆይም፣ አገራችን ግን እስከ 2000ዎቹ ዓ.ም. ድረስ ትጠቀምበት ነበር። አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ ጥቂት መርፌ ብቻ የሚጠይቅ ነው፤ ዋጋው ግን ለድኻ ቤተሰብ ቀላል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ልብ በሉ፤ የተወጋው ሰው እንጂ ውሻው አይደለም። ገንዘቡ የፈሰሰው ውሻው ከነከሰ በኋላ ነው። ሌላው ዓለም ግን በሽታውን ያጠፋው ውሻውን ቀድሞ በመከተብ ነው። ነገሩ የጣራ ማፍሰሻ ላይ ባልዲ ማስቀመጥና ጣራውን መጠገን ዓይነት ነው፤ እኛ ባልዲ ስንገዛ ኖርን።

ሉሉ

ከፀዳው መቻል በተቃራኒ ጫፍ ላይ የቆመች አንዲት ውሻ አለች፤ ሉሉ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ውሻ። በፎቶግራፍ ከንጉሡ ጋር አይታችኋት ይሆናል። ስትሞት በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ ተቀብራ የድንጋይ መታሰቢያ ቆሞላታል። ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ካፑሺንስኪ ስለ ንጉሡ በጻፈው መጽሐፍ፣ ሉሉ የመኳንንቱን ጫማ ስታበላሽ ጫማውን መጥረግ ሥራው የሆነ አገልጋይ ነበር ይላል። ብዙዎች መጽሐፉን እንደ ታሪክ ሳይሆን እንደ ልብ ወለድ ስለሚያዩት፣ እኛም በወሬው አንምልም።

የምንምልበት ግን ይህ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በአውዳመቱ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ። ደርግ ፊልሙን ቆራርጦ በመካከሉ የቤተ መንግሥቱን ድግስ፣ ንጉሡም ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል አስገብቶበት ነበር። አጥንቱ የወጣ ሕፃን፤ ከዚያ ሥጋ የሚበላ ውሻ። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በታሪካችን ውስጥ ይህን ያህል የፖለቲካ ሥራ የሠራ ውሻ የለም። ፊልሙ የሠራው ግን ንጉሡን ማውረድ ብቻ አልነበረም ብለን እናስባለን። በዚያች ሌሊት ውሻን መንከባከብ የጥጋብ ምልክት፣ ድኻን የመርሳት ማስረጃ ሆነ። ዛሬም ፀዳ ውስጥ አንድ ወጣት ውሻውን ለማስከተብ ይዞ ሲሄድ «ሰው ሳይታከም ውሻ ያሳክማል!» ብሎ የሚስቅ ሰው አይጠፋም። ሳቁ ውስጥ የ1967 ዓ.ም. ፊልም አለ።

ሒሳቡ ግን ሌላ ነው። ሉሉ የአንድ ሰው ውሻ ነበረች። የመንደሩ ያልተከተበ ውሻ ግን የሁላችንም ነው፤ የሚነክሰውም ባለጠጋውን ሳይሆን በእግሩ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ልጅ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ በዚህ በሽታ ይሞታል ተብሎ ከሚገመተው 59,000 ገደማ ሰው ብዙው የእስያና የአፍሪካ ገጠር ሰው ነው፤ ከተነካሾቹም ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ውሻ ማስከተብ የማን ጥቅም ነው? የድኻው።

መርዝ

ከተሞቻችን ለዚህ ችግር የሰጡት የተለመደ መልስ መርዝ ነው። ሥጋ ውስጥ ስትሪክኒን ተደርጎ በሌሊት ይበተናል፤ ጠዋት ሬሳው ይለቀማል። ልጆች ሆነን ያየነው ሰዎች አለን፤ እየተንፈራገጠ የሚሞት ውሻ አይረሳም።

ጭካኔውን ለጊዜው እንተወውና ውጤቱን ብቻ እንይ። መርዙ እብድ ውሻ ለይቶ አይገድልም። የተከተበውንም ያልተከተበውንም ይገድላል። ቆሻሻው ግን በቦታው አለ፤ ስለዚህ ከዳር መንደር አዳዲስ ውሾች ይገባሉ፣ የተረፉትም ይራባሉ። እንዲያውም ተከትበው የነበሩት በሞቱ ቁጥር መንደሩ በባሰ ሁኔታ ክፍት ይሆናል። በኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት በሽታው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲገባ መጀመሪያ ግድያው ተሞከረ፤ ወረርሽኙ ግን ደሴቱን አዳረሰ። መቀነስ የጀመረው ውሾቹ በገፍ ሲከተቡ ነው። ሜክሲኮ በየዓመቱ ውሾቿን በነፃ እየከተበች፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የነበሩትን 60 የሰው ሞቶች በ1999 ወደ 3 አወረደች፤ በ2019 ደግሞ ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነፃ መሆኗ በዓለም የጤና ድርጅት የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ምሥጢሩ አንድ ቁጥር ነው፤ 70 ከመቶ። ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 ከመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይጠፋል።

በእኛ አካባቢስ? እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የሰሜን ጎንደር ጥናት፣ ከ100,000 ሰው በዓመት 2 ያህል፣ ከ100,000 ውሻ ደግሞ ከ400 በላይ በዚህ በሽታ እንደሚያዙ ገምቷል። ላሞች፣ ፈረሶችና አህዮችም አልቀሩም። በሬው የሞተበት ገበሬ ይህን ቁጥር በኪሱ ያውቀዋል።

ነገሩ ከሰውና ከከብትም ያልፋል። ከጎንደር ወደ ሰሜን ሄዳችሁ ደባርቅን ካለፋችሁ የሰሜን ተራሮች ይጠብቋችኋል። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ የተጓዘው ጀርመናዊው ሩፔል ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቅ ስሙን ከዚሁ ከሰሜን ወስዶ ነው የሰየመው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ናቸው። ትልቁ ጠላታቸው ደግሞ አዳኝ ሳይሆን የገበሬው ያልተከተበ ውሻ የሚያመጣው በሽታ ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92፣ እንደገናም በ2003 እና 2004 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በወረርሽኙ መሐል ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨርሷል። አንድ እረኛ ቡችላውን ካስከተበ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ እንስሳ እየጠበቀ ነው ማለት ነው።

ቡችላ ይዛችሁ ከሆነ

እስካሁን ስለ ትላንት አወራን። ከታሪኩ የተማርነውን ደግሞ ቡችላ ላመጣችሁ ወይም ልታመጡ ላሰባችሁ በአጭሩ እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ነክሶ መተውን፣ ለከት ማወቅን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ባጃጅ፣ በግ፣ ደወል ያየና የሰማ ቡችላ አድጎ ሲያገኛቸው አይደነግጥም። ጨለማ ቤት ተዘግቶበት ያደገ ግን ሁሉን ይፈራል፤ የሚፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል።

ሁለተኛ፣ ክትባት። ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚነግራችሁ ጊዜ መድገም። ቡችሎችን የሚጨርሱ ሌሎች በሽታዎችም ስላሉ ከስምንተኛው ሳምንት ጀምሮ ሐኪም ጠይቁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት፤ ከፀዳ ሩቅ ነው የሚል ምክንያት አያዋጣም።

ሦስተኛ፣ ምግብ። ወጣችን ለውሻ አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ከሁሉ በላይ ግን በአውዳመት ተጠንቀቁ። ቅርጫ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ ከታየ «ለውሻ ስጡት» ይባላል። ያ ፊኛ የጥገኛ ትል መኖሪያ ነው። ውሻው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ በልጆች እጅና በጎመን አድርጎ ወደ ሰው ይመለሳል፤ ሰው ጉበት ውስጥም ያንኑ ፊኛ ይሠራል። ስለዚህ ጥሬውን አትስጡ፤ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ውሻውንም በየሦስት ወሩ የትል መድኃኒት ስጡት።

አራተኛ፣ ማስተማር። ዱላ ውሻን አያስተምርም፤ ዱላ የያዘውን እጅ እንዲፈራ ብቻ ያደርገዋል። ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳሳየው ውሻ ሁለት ነገር ተከታትሎ ሲመጣ ያያይዛቸዋል። «ቁጭ!» በሉት፤ ቁጭ ባለባት ቅጽበት ትንሽ ዳቦ ስጡት። ደቂቃ ቆይታችሁ ከሰጣችሁት ለምን እንደሆነ አይገባውም። በቀን ሁለቴ አምስት አምስት ደቂቃ ይበቃል። «ና!» ብላችሁ ጠርታችሁ አትምቱት፤ ሁለተኛ አይመጣም። የምትመቱት ቤት የገባ ውሻን ሳይሆን የገነባችሁትን እምነት ነው።

አምስተኛ፣ ገመዱ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ ታስሮ የሚውል ውሻ ኃይለኛ ይሆናል እንጂ ጎበዝ ዘበኛ አይሆንም። አጥር ካላችሁ ፍቱት፤ ከሌላችሁ ገመዱን አስረዝሙለት፣ ጥላና ውሃ አድርጉለት፣ ጠዋትና ማታ አብራችሁት ተራመዱ።

መጨረሻ፣ ከተነከሳችሁ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ቫይረሱ ሳሙና አይችልም። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። መድኃኒት አዋቂውንም ጠበሉንም የሚሻ ይሻ፤ ሳሙናውና ክትባቱ ግን ይቅደሙ። ውሻው ከተገኘ ደግሞ አትግደሉት፤ እሰሩትና ለ10 ቀን ተመልከቱት።

እንደገና ፀዳ

ባለፈው ሰሞን ጓደኛችን ለቤተሰብ ጥየቃ ፀዳ ወርዶ ነበር። ያ ዛፍ ተቆርጧል፤ ቦይዋ ግን አለች። የመቻል ባለቤት የነበሩት ሰውዬ አርጅተው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታ ተለዋወጡ። «አንተ ነህ ያ ልጅ?» አሉት፤ እግሩን አዩ፤ ዝም አሉ። ቆይተው፣ «እሱ እኮ እብድ አልነበረም። ሦስት ቀን እኔ ለቅሶ ሄጄ ማንም አላበላውም ነበር» አሉት።

ልክ ይሁኑ አይሁኑ ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም። ያቺ 10 ቀን ከመቻል ጋር ቦይ ውስጥ ገብታለች። ግን ከእሳቸው አንደበት ይህችን ቃል መስማት ለጓደኛችን ከአሥራ አራቱ መርፌ ይልቅ አመመው። ያን ሁሉ ዓመት ጠላቱ ውሻው ይመስለው ነበር።

የልጅ ልጃቸው እግር ሥር አንድ ቡኒ ቡችላ ይንከባለል ነበር። «ስሙ ማነው?» አለ ጓደኛችን። «ገና አላወጣሁለትም፤ አባባ መቻል በለው ይሉኛል» አለች ልጅቱ። ጓደኛችን ስንት ወሩ እንደሆነ ጠየቃት። ሦስት ሊሞላው ነው አለችው።

በማግስቱ ሦስቱ፣ ልጅቱና ጓደኛችን ቡችላውን በካርቶን ይዘው፣ ጎንደር በምትሄድ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ረዳቱ «ውሻ ይከፍላል!» ብሎ ቀለደባቸው። ከፈሉ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ተሳፋሪ እስኪደርሱ ድረስ ተኝቶ ነበር።

ቸር እንሰንብት።